አምስት ቀን ተጫውቶ ያለ አሸናፊ መለያየት ምን ይባላል? ስለ ቴስት ክሪኬት አንድ ጥያቄ

የቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በኮምቦልቻ ስለ እግር ኳስ የሚከራከር ሰው በየካፌው ሞልቷል፤ ስለ ክሪኬት የሚያወያይ ግን ከግቢያችን ውጭ አላገኘሁም። በምኖርበት ግቢ ከህንድ የመጡ ሁለት መምህራን ተከራይተው ስለሚኖሩና ቴሌቪዥኑ የጋራችን ስለሆነ፣ መጀመሪያ በአንድ ቀን የሚያልቀውን የዓለም ዋንጫ፣ ቀጥሎም አምስት ቀን የሚፈጀውን ቴስት አብሬያቸው ማየት ጀመርኩ። መሠረቱን ይዣለሁ ማለት እችላለሁ። አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው እንደሚወረውር፣ አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ እንደሆነ፣ በቀን 90 ኦቨር እንደሚታቀድ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ለመምታት እንደሚገባና አሥር መቺዎች ሲወጡበት ተራው እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ያልገባኝ ሌላ ነው።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ወደ እንግሊዝ ባደረገችው ጉዞ አራተኛውን ግጥሚያ የተጫወተችው ማንቸስተር፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነበር። (የዩናይትድ ደጋፊዎች እንዳትደነግጡ፤ የክሪኬቱ ሜዳ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ከእግር ኳሱ ስታዲየም ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኝ ሌላ ሜዳ ነው።) ህንድ 358 ራን (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረች፣ እንግሊዝ በ669 መለሰች። በ311 ራን ተበልጣ ለሁለተኛ ጊዜ ልትመታ የገባችው ህንድ አንድም ራን ሳታስቆጥር፣ በክሪስ ዎክስ የመጀመሪያ ኦቨር ሁለት መቺዎቿን በተከታታይ ውርወራ አጣች። እኔም ነገሩ አብቅቶለታል ብዬ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አላበቃም፤ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ አላበቃም። ኬ ኤል ራሁል 90፣ አምበሉ ሹብማን ጊል 103 ራን አስቆጥረው ከወጡ በኋላ ራቪንድራ ጃዴጃና ዋሺንግተን ሰንደር ሜዳው ላይ ተተክለው ቀሩ። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ የእንግሊዙ አምበል ቤን ስቶክስ ከዚህ ወዲያ አሸናፊ ስለማይኖር ተጨባብጠን እንለያይ ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ ሁለቱ መቺዎች እምቢ ብለው ቀጠሉና እያንዳንዳቸው መቶ ራን ካለፉ በኋላ ጨዋታው ቆመ። ህንድ በአራት መቺዎች መውጣት 425 ራን ይዛ ነበር፤ አሸናፊ ግን አልነበረም።

ጎረቤቶቼ ዋንጫ እንደ ወሰደ ሰው ተቃቅፈው ሻይ አፈሉ። እኔ ደግሞ አምስት ቀን ተጠብቆ ያልረታ ቡድን ምን ያስደስታል ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ሳይገባኝ በኅዳር ወር አውስትራሊያና እንግሊዝ ፐርዝ ላይ የተጫወቱት ግጥሚያ በሁለት ቀን ተጠናቀቀ። እንግዲህ ትክክለኛው ቴስት የትኛው ነው? ያለ አሸናፊ መለያየት የጨዋታው ጉድለት ነው ወይስ የጨዋታው አካል? ከፊታችን ካሉት ግጥሚያዎችስ የትኞቹን ብከታተል ይህ ነገር ይገለጥልኛል? ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ወንድማችን የቦርከና ማዶ፣ ጥያቄዎ ከቀልብ የመጣ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስልዎ እንደማይሰለቹኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

መነሻው ይህ ነው። በቴስት ክሪኬት ብዙ ራን ማስቆጠር ብቻውን አያስረታም። ለማሸነፍ የተጋጣሚን መቺዎች በሁለቱም ተራ ማስወጣት፣ ማለትም በተለመደው መንገድ ሃያ ዊኬት ማግኘት ያስፈልጋል (እያንዳንዱ የወጣ መቺ አንድ ዊኬት ይባላል)። በአንድ ቀኑ ክሪኬት ኦቨሩ የተወሰነ ስለሆነ ሰዓቱ ራሱ አሸናፊውን ይለያል፤ በቴስት ግን ሰዓቱ ለደካማው ወገን መጠለያ ይሆናል። ማንቸስተር ላይ እንግሊዝ 311 ራን ስትመራ የቀራት ሥራ አሥር መቺ ማስወጣት ነበር፣ ያገኘችው ግን አራት ብቻ ነው። የወርዋሪዎቿ ጉልበት በ143 ኦቨር ውስጥ አልቆ፣ ስድስቱ ሳይነኩ ቀሩ። ስለዚህ የህንድ መቺዎች በዚያ ቀን ተኩል ውስጥ ያደረጉት ነገር የእንግሊዝን ድል ማስቀረት ነው። ይህ ደግሞ ከድል ባይተካከልም ከሽንፈት በብዙ ይርቃል።

ሁለተኛው ነገር፣ የቴስት ግጥሚያ ብቻውን አይቆምም፤ የሚለካው በተከታታዩ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጉዞ በሚያደርጓቸው ግጥሚያዎች ውስጥ ነው። ሊድስን እንግሊዝ ወሰደች፣ በርሚንግሃምን ህንድ በ336 ራን ልዩነት ወሰደች፣ ሎርድስን እንግሊዝ በ22 ራን ብቻ ወሰደች። ስለዚህ ማንቸስተር ሲደርሱ እንግሊዝ 2 ለ 1 እየመራች ነበር። ያን ቀን ህንድ ብትሸነፍ ኖሮ ተከታታዩ 3 ለ 1 ሆኖ ስለሚዘጋ፣ ለንደን ኦቫል ላይ የተደረገው አምስተኛው ግጥሚያ ለመርሐ ግብር ማሟያ ብቻ ይሆን ነበር።

የኦቫሉን የመጨረሻ ቀን ጎረቤቶችዎ አሳይተዎት ከሆነ ታድለዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጨዋታው ሲጀመር እንግሊዝ ለድል የሚያስፈልጋት 35 ራን ብቻ ነበር። መሐመድ ሲራጅ በዋዜማው የሃሪ ብሩክን ኳስ ድንበሩ አጠገብ ከአየር ላይ ቀልቦ፣ እግሩ የድንበሩን ገመድ ስለረገጠ መቺውን ማስወጣት ሲገባው ስድስት ራን ሰጥቶት ነበር። ብሩክ በዚያን ጊዜ 19 ላይ ነበር፤ እስከ 111 ድረስ ሄደ። ያ ስሕተት ያደረበት ሰው ነው እንግዲህ ሰኞ ዕለት ኳሱን የያዘው። መቺዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ዘጠነኛው ሲወድቅ፣ ትከሻው ወልቆ የነበረው ክሪስ ዎክስ ግራ እጁን በሹራቡ ሥር አስሮ፣ የኳስ መምቻውን በቀኝ እጁ ብቻ ይዞ ወደ ሜዳ ወረደ። አንድም ኳስ አልደረሰበትም፤ ጓደኛው ጋስ አትኪንሰን በተቻለው መጠን እየተከላከለለት፣ በሮጡ ቁጥር ዎክስ ፊቱን ሲያጨማድድ ይታይ ነበር። በመጨረሻም ሲራጅ ወደ አትኪንሰን እግር ሥር የወረወረው ኳስ ከመቺው ኋላ የተተከለውን እንጨት መታው። ህንድ በ6 ራን አሸነፈች፣ ተከታታዩም 2 ለ 2 አለቀ። በሁለቱ ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) ዘጠኝ፣ በአምስቱ ግጥሚያ ደግሞ 23 ዊኬት ያገኘው ሲራጅ ያን ቀን ጀግና የሆነው ጃዴጃና ሰንደር ከስምንት ቀን በፊት እጅ አልሰጥም ስላሉ ነው። ጎረቤቶችዎ ሻይ ያፈሉት ይህን አስቀድመው ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ታሪኩን ወደ ኋላ ካየነው፣ ያለ አሸናፊ መለያየትን ለማጥፋት የተሞከረበት ዘመን ነበር። ቀን ሳይወሰን፣ አንዱ ወገን እስኪረታ ድረስ የሚደረጉ ቴስቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1939 ደርባን ላይ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ እንዲህ ያለውን ግጥሚያ ጀምረው፣ እንግሊዝ 696 ራን እንድታሳድድ (ለድል እንድታስቆጥር) ተገደደች። 654 ራን ደርሳ 42 ብቻ ሲቀራት ዝናብ መጣ፤ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ደግሞ ከኬፕታውን የሚነሣው መርከብ እንዳያመልጣቸው ወደ ባቡር መሮጥ ነበረባቸው። አሸናፊ እስኪገኝ ይጫወቱ የተባሉት ቡድኖች ከአሥር ቀን በኋላ ያለ አሸናፊ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ የቀን ገደብ የሌለው ቴስት አልተደረገም።

ከቅርቡ ዘመን አንዱን ብቻ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 አዴሌድ ላይ ፋፍ ዱ ፕሌሲ የሚባል የደቡብ አፍሪካ መቺ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት፣ ቡድኑ 430 ራን ሊያሳድድ ገብቶ አራት መቺ በ45 ራን አጥቶ ነበር። እሱ 376 ኳስ ተከላክሎ በ110 ራን ሳይወጣ ቀኑን አስመሸው። ደቡብ አፍሪካ በቀጣዩ ሳምንት ፐርዝ ላይ በ309 ራን አሸንፋ ተከታታዩን 1 ለ 0 ወሰደች። የአውስትራሊያ ወርዋሪዎች አዴሌድ ላይ ጉልበታቸውን ጨርሰው ነበር።

በእኛ በወሎ አበጋሮች ሲያስታርቁ አንዱን ሙሉ ረቺ፣ ሌላውን ሙሉ ተረቺ አድርገው እንደማይሸኙ ሁሉ፣ ቴስትም ለሁለቱም ወገን ክብር የሚያስቀር ፍጻሜ ያውቃል። ከሌላው ስፖርት ሁሉ የሚለየውም ይኸው ነው ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ የኦቫሉን ነገር እንዳሳመሩት ማንም አያሳምረው። ነገር ግን በአበጋሩ አልስማማም። አበጋር ፊት የቀረቡ ሰዎች መጨረሻ ላይ ወደው ይታረቃሉ፤ ማንቸስተር ላይ ግን የታረቀ ሰው አልነበረም። ስቶክስ እጁን ዘርግቶ እምቢ ሲባል ሁለቱ ወገኖች የተለዋወጡት ቃል እርቅ አይመስልም ነበር። የለያያቸው ሰዓት ነው።

ደግሞም ያለ አሸናፊ ያለቀው ሁሉ እንደ ማንቸስተሩ ቢሆን ማን ይጠላል! እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ራዋልፒንዲ ላይ ፓኪስታንና አውስትራሊያ የተጫወቱትን ያየ ሰው የቦርከና ማዶን ጥያቄ ባጭሩ አያልፈውም። ፓኪስታን በአራት መቺ 476 አስቆጥራ ተራዋን በፈቃዷ ዘጋች፣ አውስትራሊያ 459 መለሰች፣ ፓኪስታን እንደገና ገብታ አንድም መቺ ሳይወጣባት 252 አስቆጠረች። በአምስት ቀን ውስጥ 14 ዊኬት ብቻ ወደቀ። በዚያ ፒች (ኳሱ በሚነጥርበት የሜዳው መካከል) ላይ ወርዋሪ ሆኖ መሰለፍ ቅጣት እንጂ ስፖርት አልነበረም። እዚያ ላይ የጀግንነት መከላከል የሚባል ነገር የለም፤ አጥቂ ስላልነበረ የተከላከለም የለም።

የጨዋታው ችግር እንግዲህ ያለ አሸናፊ መለያየቱ ሳይሆን መሬቱ ነው። ፒቹን የሚያዘጋጀው የአስተናጋጁ አገር ሰው ነው፤ ለራሱ ወርዋሪዎች እንዲመች ሊያደርቀው፣ ሣር ሊተውበት ወይም ሊጠቀጥቀው ይችላል። ከመጠን በላይ ለመቺ ሲመች ራዋልፒንዲ ይሆናል። ከመጠን በላይ ለወርዋሪ ሲመች ደግሞ ኬፕታውን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ላይ በ55 ራን ስትወድቅ ያው ሲራጅ በ15 ራን ስድስት ዊኬት ወሰደ፤ ህንድ በተራዋ 153 ላይ ሳለች አንድም ራን ሳትጨምር ስድስት መቺዎቿ በተከታታይ ወጡ። ግጥሚያው በ642 ውርወራ ተጠናቀቀ። ውጤት ካስገኙ ቴስቶች ሁሉ በውርወራ ብዛት አጭሩ እሱ ነው።

የፐርዙን በተመለከተ ግን ፍርዴ ይለያል። በመጀመሪያው ቀን 19 ዊኬት ወደቀ፣ ሚቸል ስታርክ በአንድ ኢኒንግስ ሰባት ወሰደ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ትራቪስ ሄድ በዚያው መሬት ላይ 123 ራን አስቆጥሮ አውስትራሊያን በስምንት ዊኬት (ማለትም ገና ስምንት ዊኬት ሲቀራት) አስረታ። አንድ ሰው እንዲያ መምታት ከቻለ መሬቱን መክሰስ አይቻልም፤ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤትም ለፐርዙ ፒች ከፍተኛውን ደረጃ ነው የሰጠው። በዚያው ተከታታይ ሜልቦርን ላይ በገና ማግስት የተጀመረው ግጥሚያም በሁለት ቀን አለቀ። እንግሊዝ ከ2011 ወዲህ በአውስትራሊያ መሬት የመጀመሪያ ድሏን ብታገኝበትም፣ ፒቹ ከደረጃ በታች ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለት ቀን የፈጀ ሁሉ አንድ አይደለም ለማለት ነው። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቀን ቲኬት የገዛው ሕዝብ ገንዘቡ ሲመለስለት የአዘጋጆቹ ካዝና ስለሚጎዳ፣ ወደፊት መሬቱን ወደ ራዋልፒንዲ እንዳይገፉት እሰጋለሁ።

የወልድያዋ

ሁለታችሁም ወንድሞቼ የተናገራችሁት ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሆኖም ያለፋችሁት አንድ ነገር አለ። ጦሳ ሥር እንዳሉት ያለ አሸናፊ የተለያየ ግጥሚያ ትርጉም የሚያገኘው በተከታታዩ ውስጥ ነው። ታዲያ ተከታታዩ ስንት ግጥሚያ ያለው ነው? አምስት ግጥሚያ የሚጫወቱት እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ህንድ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ብቻ ነው። ሌሎቹ ቴስት ተጫዋች አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግጥሚያ ተሰጥቷቸው ይሸኛሉ። ከሁለቱ አንዱ ያለ አሸናፊ ካለቀ ታሪኩ ከመጀመሩ ይዘጋል። አዴሌድ ላይ የዱ ፕሌሲ ተጋድሎ ፍሬ ያፈራው ሦስተኛ ግጥሚያ ስለነበረ ነው።

በዓለም የቴስት ሻምፒዮና ነጥብ አሰጣጥም ይህ ይታያል። ድል 12 ነጥብ፣ ያለ አሸናፊ መለያየት ደግሞ 4 ነጥብ ብቻ ያስገኛል። እንደ እግር ኳሱ ከሦስት አንድ መሆኑ ነው። ደረጃው የሚወጣው ከተጫወቱት ግጥሚያ ሊገኝ ከሚችለው ነጥብ ምን ያህል በመቶ እንደተገኘ ተሰልቶ ስለሆነ፣ ጥቂት ግጥሚያ ላለው ቡድን አንዲት ያልተረታች ግጥሚያ ብዙ ታጎድላለች። ከ2023 እስከ 2025 በነበረው ዙር እንግሊዝ 22 ግጥሚያ ስትጫወት ደቡብ አፍሪካ 12 ብቻ ነው የደረሳት። በዚያ ላይ በ2024 መጀመሪያ ዋና ዋና ተጫዋቾቿ በአገር ውስጥ የአጭር ክሪኬት ሊግ ተይዘው ስለነበር፣ ወደ ኒውዚላንድ የላከችው አምበሉን ጨምሮ ብዙ ተጫዋቾቹ ቴስት ተጫውተው የማያውቁ ቡድን ነው። እንዲህ ሆና ለፍጻሜ ስትደርስ ቀላል ተጋጣሚ ገጥሟት ነው የሚሉ በዙ።

መልሱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሎርድስ ላይ ነው፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን ከኦቫሉ ይልቅ ይኼኛው ቢነገር ደስ ይለኛል። አውስትራሊያ 212 አስቆጠረች፣ ደቡብ አፍሪካ በ138 ወደቀች፣ አውስትራሊያ እንደገና 207 ጨምራ 282 ራን እንድታሳድድ ተወችላት። አምበሉ ቴምባ ባቩማ ገና ጥቂት ራን እንዳስቆጠረ የጭኑ ጅማት ተጎዳ። በሻይ ዕረፍት ላይ ይቀጥል ወይስ ይውጣ የሚል ምክክር ነበር፤ እሱ ግን ቀጠለ። ከአይደን ማርክራም ጋር ሆኖ ለእያንዳንዷ ራን እያነከሰ ሲሮጥ፣ ቀላሉን ሁለት ራን በአንድ እየተወው፣ በአንድነት 147 ራን ሠሩ። ባቩማ በ66፣ ማርክራም በ136 ወጡ፤ ደቡብ አፍሪካ በአምስት ዊኬት ልዩነት ሻምፒዮን ሆነች። በዘር መድልዎ ምክንያት ከ1970 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተገልላ ለኖረች አገር፣ ከኬፕታውኑ የላንጋ መንደር የወጣ ጥቁር አምበል ዋንጫ ሲያነሣላት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሻምፒዮኗ ምን ተሸለመች? በ2025/26 የጨዋታ ወቅት በገዛ አገሯ አንድም ቴስት አልነበራትም፤ ሜዳዎቿ ለ2027 የዓለም ዋንጫ እየታደሱ ነበርና። ወደ ህንድ ሄዳ ግን ኮልካታ ላይ በ30 ራን፣ ጉዋሃቲ ላይ በ408 ራን አሸነፈች። ኮልካታ ላይ ህንድ 124 ራን ለማሳደድ ገብታ በ93 ስትወድቅ፣ በግጥሚያው ሁሉ ከሃምሳ በላይ ያስቆጠረው ብቸኛ ሰው ባቩማ ነበር። ሁለት ግጥሚያ ነው የተሰጣቸው፤ ሦስተኛ ቢኖር ኖሮ ህንድም ለመመለስ ዕድል ታገኝ ነበር፣ የቦርከና ማዶም ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ባልተቆጩ።

የቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እግዚአብሔርም አላህም ይስጥልኝ፤ እንዲህ ይብራራልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። እኅታችን እንዳሉት ጎረቤቶቼ ከጉዋሃቲው በኋላ ሳምንት ያህል ስለ ክሪኬት አላወሩም። ማንቸስተር ከኦቫል ጋር ተያይዞ ሲቀርብልኝ ነገሩ ተገልጦልኛል፤ የራዋልፒንዲውን ግን ማንም ሊያስወድደኝ አይችልም። አሁን የሚቀረኝ የሚመጣው ነው። በእኛ ሰዓት መቼ መቼ እንደሚጀመርና መብራት በሌለበት ቀን በምን መከታተል እንደሚቻል ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ይበዛብኛል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

በአበጋሩ የቀረበብኝን ተቃውሞ ለሌላ ቀን አቆይቼው ወደ መርሐ ግብሩ ልለፍ።

ለእኛ ሰዓት የሚመቸው ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚደረገው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት የቀኑ ጨዋታ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2026 አውስትራሊያ ወደዚያ ሄዳ ሦስት ቴስት ትጫወታለች፤ የሎርድሱ ፍጻሜ ተጋጣሚዎች እንደገና ተገናኙ ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ደግሞ እንግሊዝ በተራዋ ሦስት ትጫወታለች። የወልድያዋ እኅታችን የጠየቁት ሦስተኛ ግጥሚያ ቢያንስ በእነዚህ ሁለት ጉዞዎች አለ። በ2027 መጀመሪያ አውስትራሊያ ወደ ህንድ ለአምስት ግጥሚያ ትሄዳለች፤ የህንድ ጨዋታ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስለሚጀመር የመጀመሪያውን ክፍል ቁርስ እየበሉ ማየት ይቻላል። በ2027 አጋማሽ የሻምፒዮናው ፍጻሜ እንግሊዝ ላይ ይደረጋል፤ አውስትራሊያም አሽስ ለሚባለው ከእንግሊዝ ጋር ለምታደርገው ተከታታይ ወደዚያው ትዘልቃለች፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የአውስትራሊያው ግን ፈተና ነው፤ ሜልቦርን ላይ በቀን የሚደረግ ቴስት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይጀመራል።

ከሁሉ በላይ ቀን ቆጥሬ የምጠብቀው ግን የሜልቦርኑን የ150ኛ ዓመት ግጥሚያ ነው። የመጀመሪያው ቴስት የተደረገው መጋቢት 15 ቀን 1877 እ.ኤ.አ. እዚያው ሜዳ ላይ፣ በእነዚሁ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ነበር። የአውስትራሊያው ቻርልስ ባነርማን ጣቱ ተጎድቶ ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ ከቡድኑ 245 ራን 165ቱን ብቻውን አስቆጠረ፤ አውስትራሊያም በ45 ራን አሸነፈች። የ100ኛ ዓመት መታሰቢያው በ1977 እዚያው ሲደረግ አውስትራሊያ ያሸነፈችው ምንም ሳይዛነፍ በዚያው በ45 ራን ነው። አሁን ደግሞ ከመጋቢት 11 እስከ 15 ቀን 2027 ይገናኛሉ። በእኛ ሲሰላ ሐሙስ መጋቢት 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ይጀመራል፤ የዒድ ሰሞንና የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት የተገናኙበት ጊዜ ስለሚሆን በወሎ ቤቱ ሁሉ እንግዳ አያጣም። ግጥሚያው በመብራት፣ በሮዝ ኳስ ስለሚደረግና እዚያ ከቀትር በኋላ ስለሚጀመር፣ ለእኛ ማለዳ ላይ ይደርሳል እንጂ እንቅልፍ አያሳጣም።

መብራት ሲጠፋ በስልክ የጽሑፍ ዘገባ መከታተል ይበቃል። ክሪክኢንፎ የሚባለው የክሪኬት ድረ ገጽ እያንዳንዱን ውርወራ ማን እንደወረወረ፣ ኳሱ የት እንዳረፈና መቺው ምን እንዳደረገ በአንድ በሁለት መስመር ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢያነቡት የሚፈጀው ዳታ ከጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ያንሳል። እንዲያውም የማንቸስተሩ ዓይነት ረጅም መከላከል በጽሑፍ ሲነበብ ይበልጥ ይጥማል፤ «ራን የለም» የሚለው ቃል ገጹን ሞልቶት ሲወርድ የወርዋሪዎቹ ድካም ይታያል።

ሐይቅ ዳር

ለሜልቦርኑ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሮዝ ኳስ በመብራት ሥር ስትወረወር እንደ ቀዩ ኳስ አይደለችም፤ በተለይ አመሻሽ ላይ በአየር ውስጥ አብዝታ ትታጠፋለች፣ መቺውም በዚያ ብርሃን አጥርቶ አያያትም። እ.ኤ.አ. በ2015 አዴሌድ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የቀንና የማታ ቴስት በሦስተኛው ቀን አበቃ። ህንድ በታኅሣሥ 2020 በ36 ራን የወደቀችው እዚያው አዴሌድ ላይ በሮዝ ኳስ ነው። በሐምሌ 2025 ኪንግስተን ላይ ዌስት ኢንዲስ በ27 ራን ስትወድቅም ኳሷ ሮዝ ነበረች፤ ስታርክ የመጀመሪያዎቹን አምስት መቺዎች በ15 ውርወራ አስወጥቶ ነው የጨረሳቸው። ስለዚህ ወንድሜ የቦርከና ማዶ ያለ አሸናፊ መለያየትን ሊያጠኑ ከሆነ የደቡብ አፍሪካውን ወይም የህንዱን ይምረጡ። ሜልቦርን የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ቲኬት ሲገዛ የሐሙሱን እንዲገዛ ንገሩት፤ የሰኞው ገንዘቡ ሊመለስለት ይችላል።